ስለ ጎት ንዑስ ባህልና ስለ ሥረ መሠረቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከእግር እስከ ራሳቸው ጥቁር ለብሰው፣ ፊታቸውን አንጥተውና ዓይናቸውን በኩል አጥቁረው የሚሄዱ ሰዎችን በለንደን፣ በበርሊን ወይም በዋሽንግተን ጎዳናዎች ያየ አማርኛ ተናጋሪ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ያነሣል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ጎት የሚባለውን ንዑስ ባህል ከሙዚቃው፣ ከሥነ ጽሑፋዊ ሥሩና ከዛሬው አኗኗሩ ተነሥተው ለማስረዳት የተጻፉ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎት በትክክል ምንድን ነው?

ጎት በ1970ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር ከፓንክ ሙዚቃ ማህፀን ወጥቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የራሱን መልክ የያዘ ንዑስ ባህል ነው። መሠረቱ ሙዚቃ፣ መታወቂያው አለባበስ፣ መንፈሱ ደግሞ በጨለማ፣ በሐዘንና በፈረሰ ነገር ውስጥ ውበት የማየት ዝንባሌ ነው። ሃይማኖት አይደለም፤ የፖለቲካ ድርጅት አይደለም፤ አባል የሚመዘግብ ማኅበርም የለውም። አንድን ሰው ጎት የሚያሰኘው ምን እንደሆነ ነባሮቹን ብንጠይቅ፣ አብዛኞቹ ሳያመነቱ ሙዚቃው ነው ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በዚህ ይስማማል። ጥቁር ልብስ ማንም ገዝቶ ሊለብሰው ይችላል፤ ስለ ጎት የሚነገሩት የተሳሳቱ ወሬዎች በአብዛኛው የመነጩትም ልብሱን አይቶ ሙዚቃውን ካለመስማት ነው።

የጥንቶቹ ጎቶች ከዛሬዎቹ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

በዘር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ጥንታውያኑ ጎቶች የሮም መንግሥት በተዳከመበት ዘመን የገነኑ ጀርመናዊ ሕዝቦች ነበሩ፤ በ410 በንጉሣቸው በአላሪክ እየተመሩ ሮምን በመዝረፋቸው በታሪክ ሲወቀሱ ኖረዋል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ኤጲስ ቆጶስ ዉልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን በቋንቋቸው እንደተረጎመላቸው ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጆርጆ ቫዛሪን የመሳሰሉ የጣሊያን የህዳሴ ዘመን ጸሐፍት ከአልፕስ ተራሮች ማዶ ተስፋፍቶ የነበረውን፣ ሾጣጣ ቅስትና ሰማይ ጠቀስ ግንብ ያለውን የቤተ ክርስቲያን አሠራር ሊያንቋሽሹ ፈልገው የጎቶች ሥራ ነው አሉት። እውነቱ ሌላ ነው። ያ የሕንፃ ጥበብ ጎልቶ የወጣው አበምኔት ሱዤ በፓሪስ አቅራቢያ በሳን ደኒ ገዳም አሠርቶ በ1144 ካስመረቀው መቅደስ ሲሆን፣ ያኔ ጎት የሚባል መንግሥት ከምድር ከጠፋ ዘመናት አልፈው ነበር። ስድቡ ግን መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ምሁራንና ባለጸጎች የፈረሱ ገዳማትንና የመካከለኛው ዘመን ግንቦችን መውደድ ሲጀምሩ መጠሪያው ከሕንፃ ወደ ልቦለድ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ከልቦለድ ወደ ሙዚቃ ተሻገረ።

ሥነ ጽሑፉ ለዚህ ባህል ምን አወረሰው?

አብዛኛውን ምናብ ያወረሰው ሥነ ጽሑፉ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበረው ሆረስ ዎልፖል ከለንደን ወጣ ብላ በምትገኘው በትዊክነም፣ ስትሮቤሪ ሂል የሚባለውን ቤቱን እንደ ጥንት ግንብ አሳንጾ ይኖር ነበር። በ1764 መጨረሻ ያሳተመው የኦትራንቶ ግንብ ልቦለድ የሚጀምረው በሠርጉ ዕለት አንድን ወጣት ግዙፍ የራስ ቁር ወድቆበት ሲገድለው ነው። ዎልፖል በሁለተኛው እትም ላይ መጽሐፉን የጎቲክ ታሪክ ብሎ ሰየመው፤ የልቦለድ ዘርፉም ስሙን ከዚያ ወሰደ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ደራስያን፣ በተለይም አን ራድክሊፍ፣ ፍርስራሹን፣ ጨለማውን ኮሪደር፣ የአባቶች ኃጢአት በልጆች ላይ ሲደርስና ሙታን ዕረፍት አጥተው ሲመላለሱ የሚያሳየውን ታሪክ በመላው አውሮፓ ተወዳጅ አደረጉት።

ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ወቅት ተለይቶ ሊነሣ ይገባዋል። በ1815 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ የፀሐይን ብርሃን ስለጋረደ፣ በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ ክረምት የመሰለ በጋ አሳለፈች። በዚያ በጋ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ዝናብና ብርድ ቤት ያዋላቸው እንግሊዛውያን ወዳጆች እያንዳንዳቸው የሚያስፈራ ታሪክ እንዲጽፉ ተስማሙ። ገና 18 ዓመቷ የነበረችው ሜሪ፣ በኋላ ሜሪ ሼሊ የተባለችው፣ ፍራንከንስታይንን የፀነሰችው በዚያ ነው፤ ሐኪሙ ጆን ፖሊዶሪ ደግሞ በ1819 የታተመውንና ደም መጣጩን የባላባት መልክ የሰጠውን አጭር ልቦለድ ይዞ ተመለሰ። የብራም ስቶከር ድራኩላ በ1897 የወጣው በዚያው መንገድ ተጉዞ ነው።

ይሁንና የ1970ዎቹ ወጣቶች እነዚህን ታሪኮች ከመጽሐፍ ይልቅ ያገኙት በሲኒማና በቴሌቪዥን ነበር። የ1920ዎቹ የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልሞች የተዋናዮቻቸውን ፊት አንጥተው ዓይናቸውን ያጠቁሩ ነበር፤ ሃንጋሪያዊው ቤላ ሉጎሲም በ1931 ድራኩላን ሆኖ ከተጫወተ በኋላ የደም መጣጭ ምስል ከእርሱ ካባና ከእርሱ የንግግር ቅላጼ ሊለይ አልቻለም። አንድ ሌላ አባት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝ ስክሪሚን ጄይ ሆኪንስ በ1950ዎቹ ከሬሳ ሣጥን ውስጥ እየወጣ መድረክ ላይ ይዘፍን ነበር፤ ጎት የሚባል ነገር ከመፈጠሩ ሃያ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

ሙዚቃው እንዴት ተወለደ?

በ1976 እና በ1977 የእንግሊዝ ወጣቶች ጊታር ይዞ መድረክ ላይ ለመውጣት የዓመታት ሥልጠና አያስፈልግም ብለው ፓንክን አቀጣጠሉ። የፓንክ ቁጣ ቶሎ ነድዶ ቶሎ በረደ፤ ከውስጡ የወጡ ጥቂት ቡድኖች ግን ያንኑ ጉልበት ከጩኸት ወደ ትካዜ መለሱት። ሱዚ ኤንድ ዘ ባንሺስ በለንደን፣ ጆይ ዲቪዥን በማንችስተርና በሳልፎርድ፣ ዘ ኪዩር ከለንደን በስተ ደቡብ በምትገኘው በክሮሊ ከተማ የተመሠረቱ ነበሩ። በእነዚህ ቡድኖች ሥራ ውስጥ ቤዝ ጊታሩ ከኋላ ሆኖ ማጀቡን ትቶ ዜማውን ራሱ ይመራል፤ ጊታሩ ምት ከመምታት ይልቅ ከላይ እንደ ጭጋግ ይንሳፈፋል፤ የዘፋኙ ድምፅም ባዶ አዳራሽ ውስጥ የቆመ ሰው ድምፅ ይመስል በማሚቶ ይከበባል። የጆይ ዲቪዥን ዘፋኝ ኢያን ከርቲስ በ1980 በ23 ዓመቱ ሕይወቱን ማጥፋቱ በዚህ ሙዚቃ ላይ እስከ ዛሬ ያልተነሣ ጥላ ጥሏል።

የመጀመሪያው የጎት ሙዚቃ ተደርጎ የሚጠቀሰው ግን የባውሃውስ ሥራ ነው። አራት የኖርዝሃምፕተን ልጆች ባንዱን ባቋቋሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በጃንዋሪ 1979፣ ዌሊንግበሮ በምትባል አነስተኛ ከተማ ወደሚገኝ ስቱዲዮ ገብተው ቤላ ሉጎሲ ሞቷል የሚል ርእስ ያለውን፣ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ የሚወስደውን ሙዚቃ በአንድ ቅጂ ቀድተው ወጡ። በመጀመሪያ የሚሰማው የከበሮው ጠርዝ ሲመታ ነው፤ ምቱ በማሚቶ እየተደጋገመ ይበተናል። ቀጥሎ ቤዙ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጊታሩ ይፋጫል፣ ይንሿጠጣል፤ ዘፋኙ ፒተር መርፊ አፉን የሚከፍተው ወደ ሦስት ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። ያንን ማሚቶ የወሰዱት ከሬጌ ከተወለደው የጃማይካ ደብ ሙዚቃ መሆኑን የባንዱ አባላት ራሳቸው ተናግረዋል። ሬጌን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው፤ አውሮፓዊ ብቻ መስሎ የሚታየው ጎት ሲወለድ ጀምሮ የካሪቢያን ድምፅ በውስጡ አለ።

በሊድስ ከተማ በ1980 የተመሠረተው ዘ ሲስተርስ ኦቭ መርሲ በበኩሉ ሰው የሚመታውን ከበሮ ትቶ የድራም ማሽን አስገባ፤ ለማሽኑም ዶክተር አቫላንሽ የሚል ስም ሰጠው። የማያወላውለው የማሽን ምትና የአንድሩ ኤልድሪች ጎርናና ድምፅ ተጣምረው ከዚያ በኋላ ብዙዎች የኮረጁትን ቅርጽ ፈጠሩ። በአትላንቲክ ማዶ ደግሞ ክሪስቺያን ዴዝ የተባለው ባንድ በሎስ አንጀለስ ከ1979 ጀምሮ ለፓንክ ይበልጥ የቀረበ የራሱን መንገድ ይዞ ነበር።

ጊዜው ለምን ለዚህ ሙዚቃ ተመቸ? በጃንዋሪ 1982 በብሪታንያ የሥራ አጡ ቁጥር ከ3 ሚሊዮን አለፈ፤ የሰሜኑ ፋብሪካዎች በየተራ ይዘጉ ነበር፤ የኑክሌር ጦርነት ሥጋትም የየዕለቱ ዜና ነበር። በዚያ መንፈስ ያደገ ትውልድ ደስ ደስ የሚለውን የሬድዮ ዘፈን አላምንም ቢል የሚያስገርም አይደለም። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ሌላው ነገር፣ የባንሺሷ ዘፋኝ ሱዚም ሆነች የዘ ኪዩሩ ሮበርት ስሚዝ፣ ከሁሉም በላይ ኤልድሪች፣ ጎት የሚለውን መጠሪያ አልተቀበሉትም። አድማጮቻቸው ግን አቅፈው ይዘውታል።

ባትኬቭ ምን ነበር?

ባትኬቭ በጁላይ 1982 በለንደን ሶሆ ሠፈር የተከፈተ፣ በየሳምንቱ ረቡዕ ሌሊት የሚካሄድ የክለብ ምሽት ነበር። ያቋቋሙት ስፔሲመን የተባለው ባንድ አባላት ሲሆኑ፣ እየተዟዟረ የቆየውም ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ትልቁ ሚናው የተበታተኑትን ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ማገናኘቱ ነበር፤ ጋዜጠኞች ገቡና ፎቶ አነሡ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ያሉ ወጣቶችም በመጽሔት ያዩትን አለባበስ በየቤታቸው መሥራት ጀመሩ። የሊድስ ሰዎች ግን በመርየን የገበያ ማዕከል ሥር የነበረው ፎኖ የተባለው ክለባቸው ከባትኬቭ እንደሚቀድም አጥብቀው ይከራከራሉ፤ ክርክራቸውም መሠረት አለው፣ ምክንያቱም ሙዚቃውን ከለንደን ይልቅ ያፋፋው ሰሜኑ ነው።

ጥቁር የሚለብሱት ለምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ጥቁር ልብስ የሐዘን ልብስ በመሆኑ ይህ ጥያቄ ከአማርኛ ተናጋሪ አንባቢ መምጣቱ የሚጠበቅ ነው። በአውሮፓም መነሻው በከፊል ሐዘን ነው። ባሏ ልዑል አልበርት በዲሴምበር 1861 ሲሞትባት ንግሥት ቪክቶሪያ የለበሰችውን ጥቁር ራሷ በ1901 እስከሞተችበት ቀን ድረስ፣ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ አላወለቀችም። የእርሷን ምሳሌ የተከተለው ማኅበረሰብ መበለት ስንት ጊዜ ምን ዓይነት ጨርቅ መልበስ እንዳለባት እስከ መደንገግ ደረሰ፤ በሐዘን ላይ ያለች ሴት የሚያብረቀርቅ ጌጥ ማድረግ ስለማይገባት በሰሜን እንግሊዝ ዊትቢ ከሚገኘው፣ ጄት ከሚባለው ጥቁር ድንጋይ የተሠራ ሐብልና የጆሮ ጌጥ ታደርግ ነበር። ጎቶች ይህን የሐዘን ልብስ ከነዳንቴሉ፣ ከነከፋዩና ከነኮርሴቱ ከመቶ ዓመት በኋላ አንሥተው ለበሱት። ከፓንክ የወረሱት የቆዳ ጃኬት፣ የተቀደደ የመረብ ካልሲና ከባድ ቡትስ ጫማም በላዩ ተጨመረ።

ፊቱም የራሱ ሥርዓት አለው። ፊት በነጣ ፓውደር ይለሰናል፤ ኩሉ ከዓይን ጥግ ተነሥቶ ወደ ጆሮ ግንድ እየቀጠነ እንዲሄድ በቀጭን ብሩሽ ይሳባል፤ ቅንድብ ይላጭና በሌላ ቅርጽ እንደገና ይሣላል፤ ፀጉር ከጫፉ ወደ ሥሩ በማበጠሪያ ተገፍቶ ይጎፈርና በስፕሬይ ይደርቃል። ዓይንን መኳል ለእኛ የሴቶች ነባር ውበት ሲሆን፣ በጎቶች ዘንድ ግን ወንድ ሴት ሳይለይ ሁሉም ይኳላል። ሱዚ ለዓይኗ አሳሳል ከጥንት ግብፅ ሥዕሎችና ከድምፅ አልባ ፊልም ተዋንያት ቀድታለች። አንክ የሚባለው የግብፃውያን የሕይወት ምልክት በጎቶች አንገት ላይ የበዛው ደግሞ ባውሃውስ በመክፈቻው ከታየበት የ1983 የቫምፓየር ፊልም በኋላ ነው።

ጎት መሆን ሰይጣን ማምለክ ነው?

አይደለም። ጎት የእምነት አንቀጽ የለውም፤ በውስጡ ክርስቲያን፣ ሙስሊም፣ አይሁዳዊ፣ የጥንት አማልክትን የሚያከብርና ምንም የማያምን ሰው ሁሉ ይገኛል። መስቀል እንደ ጌጥ የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው፤ ይህም ማተብና መስቀልን በአክብሮት ለሚያይ ኦርቶዶክሳዊ ቅር ሊለው እንደሚችል ግልጽ ነው። የተገለበጠ መስቀል ወይም የሰይጣን ምልክት የሚታይባቸው አልበሞች በአብዛኛው የአንዳንድ የሜታል ሙዚቃ ዘርፎች ናቸው እንጂ የጎት አይደሉም።

ሞትንና ሐዘንን ለምን ይወዳሉ? የአእምሮ ሕመም አይደለምን?

ሞትን ይወዳሉ ከማለት ይልቅ ሞትን ከማሰብ አይሸሹም ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል። ትዝታ የሚያዳምጥ ሰው በሽተኛ ነው የሚል በመካከላችን የለም፤ እንጉርጉሮው የታመቀውን ስሜት መልክ ሰጥቶ ያወጣለታልና። የጎት ሙዚቃም ለአድማጩ የሚሰጠው አገልግሎት ይኸው ነው።

የአእምሮ ጤና ጥያቄው ግን በቁም ነገር መታየት አለበት። በ2015 ላንሴት ሳይካያትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ በእንግሊዝ ብሪስቶል አካባቢ በተወለዱ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በ15 ዓመታቸው ራሳቸውን አጥብቀው ጎት ነን ያሉት ወጣቶች በ18 ዓመታቸው የድብርትና ራስን የመጉዳት ምልክት ከሌሎቹ ይበልጥ እንደታየባቸው አመልክቷል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህ ውጤት ጎት መሆን ድብርት ያመጣል ማለት እንዳልሆነ አስታውቀዋል። ቀድሞውኑ የከፋው ወይም በእኩዮቹ የተገፋ ልጅ ራሱን የሚያይበት ስብስብ ፈልጎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሊያሳስበን የሚገባው ምልክት እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መተው፣ ከወዳጅ ሁሉ መራቅና በገላ ላይ የሚታይ ቁስል ነው። እነዚህ ከታዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ የግድ ነው፤ ልጁ ነጭ ቢለብስም ጥቁር ቢለብስም።

ጎቶች ለሌላው ሰው አደገኛ ናቸው?

ይህ ወሬ የተስፋፋው በተለይ በአፕሪል 1999 በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ በኮሎምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች ጓደኞቻቸውንና አንድ መምህር በጥይት ከገደሉ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ የመገናኛ ብዙኃን ገዳዮቹ ጎቶች ናቸው አሉ፤ ስህተት ነበር፤ ልጆቹ የዚህ ባህል ተከታዮች አልነበሩም። እስኪታረም ድረስ ግን በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ጥቁር የለበሰ ተማሪ ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ሲታይ ከረመ።

እውነተኛው የጥቃት ታሪክ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው በኩል ነው። በኦገስት 2007 በሰሜን እንግሊዝ፣ ላንክሸር ውስጥ በምትገኘው በቤከፕ፣ የ20 ዓመቷ ሶፊ ላንካስተርና ፍቅረኛዋ በሌሊት መናፈሻ ውስጥ ሲያልፉ በታዳጊ ወጣቶች ተከበቡ። መጀመሪያ የተደበደበው እርሱ ነበር፤ ሶፊ በላዩ ተደፍታ ጭንቅላቱን አቅፋ ስትከላከልለት እርሷንም በእግር ረገጧት። እርሱ ከሰመመን ሲነቃ እርሷ አልነቃችም፤ ከ13 ቀናት በኋላ አረፈች። ፍርድ ቤቱ የተጠቁት በአለባበሳቸው ምክንያት ብቻ መሆኑን ተቀብሏል። እናቷ በስሟ ባቋቋመችው ድርጅት አማካይነት በየትምህርት ቤቱ ስለ መቻቻል ስታስተምር ኖራለች፤ የታላቋ ማንችስተር ፖሊስም በ2013 በጎቶችና በመሰል ንዑስ ባህሎች ላይ የሚፈጸምን ጥቃት እንደ የጥላቻ ወንጀል መመዝገብ የጀመረ የመጀመሪያው የብሪታንያ ፖሊስ ሆነ። የአንዲት ልጅ ሕይወት ማለፍ ሳያስፈልግ ይህ መታወቅ ነበረበት።

ከኢሞና ከሜታል በምን ይለያል?

በሙዚቃው ይለያል። ሜታል በ1960ዎቹ መጨረሻ ከበርሚንግሃም ተነሥቶ ከባድ የጊታር ድምፅን መሠረት ያደረገ ነው። ኢሞ ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ በዋሽንግተን ዲሲ ከሃርድኮር ፓንክ የወጣ ነው። ሦስቱም ጥቁር ስለሚለብሱ ከሩቅ ይመሳሰላሉ።

የነጮች ባህል ብቻ አይደለም?

የተወለደበት ቦታ አብዛኛውን ገጽታውን ወስኖለታል፤ ነጣ ያለ ፊት ዋነኛ ውበት ተደርጎ መቆየቱም ጥቁር ወጣቶችን ከደጅ እንዲቀሩ እንዳደረጋቸው መካድ አይቻልም። ዛሬ ግን ራሳቸውን አፍሮጎት የሚሉ ጥቁር ሴቶችና ወንዶች በጥቁር ገላ ላይ ብርና ነጭ ቀለም እንዴት እንደሚያምር እያሳዩ ነው። በለንደን ኦ ቺልድረን የተባለውን ባንድ የመራው ቶቢ ኦካንዲ ጥቁር ነው፤ ድምፁም ከባህሉ ታላላቅ ጎርናና ድምፆች አንዱ ነው። በሜክሲኮ ሲቲ ኤል ቾፖ በሚባለው የቅዳሜ ገበያ የጎት ልብስና ሙዚቃ ሲሸጥ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በጃፓን ደግሞ የዳንቴልና የአሻንጉሊት ቀሚስ የተዋሐዱበት የራሱ ስልት ተፈጥሯል።

ዛሬ የት ይሰበሰባሉ?

ትልቁ ስብሰባ በየዓመቱ በጰራቅሊጦስ በዓል ሰሞን በጀርመን ላይፕሲክ ከተማ የሚደረገው ቬቭ ጎቲክ ትሬፈን ነው፤ ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ይመጣበታል። ታሪኩ ከምሥራቅ ጀርመን ይጀምራል። በኮሚኒስቱ ዘመን እዚያ የነበሩ ጎቶች ግሩፍቲ ይባሉ ነበር፤ ካሴት እየገለበጡ ሙዚቃ ይለዋወጣሉ፣ ልብስ ከአልጋ ልብስ ቀልመው ይሰፋሉ፤ የመንግሥቱ የስለላ ድርጅት ሽታዚም ከሌሎች የወጣት ስብስቦች ጋር በዝርዝር መዝግቦ ይከታተላቸው ነበር። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ በ1992 የመጀመሪያው ስብሰባ በላይፕሲክ ተካሄደ። በ2000 አዘጋጁ በበዓሉ መካከል ገንዘብ አልቆበት ሲከስር፣ አንዳንድ ባንዶች ያለክፍያ ተጫወቱ፤ ታዳሚዎቹም ሥርዓት ሳያጓድሉ በዓሉን ራሳቸው ተባብረው ጨረሱት። የጎቶችን ጠባይ የሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም። በበዓሉ የመጀመሪያ ቀን በክላራ ሴትኪን መናፈሻ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ልብስ ለብሰው ሣር ላይ ምሳ የሚበሉትን ለማየት የከተማው ነዋሪ ልጆቹን ይዞ ይወጣል።

በእንግሊዝ ደግሞ የስቶከር ድራኩላ ከመርከብ በወረደባት በዊትቢ ከ1994 ጀምሮ ስብሰባ ሲደረግ ቆይቷል፤ ለሶፊ ላንካስተር መታሰቢያ የቆመ አግዳሚ ወንበርም በዚያው ከተማ አለ። በፖላንድ ቦልኩፍ በመካከለኛው ዘመን ግንብ ውስጥ የሚደረግ በዓል አለ፤ የዓለም የጎት ቀንም ከ2009 ጀምሮ ሜይ 22 ይከበራል።

የወጣትነት አምሮት አይደለም? ሲያረጁ አይተዉትም?

ብዙዎች አይተዉትም። ነርስ፣ መምህርና የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ላይፕሲክ የሚሄዱ የአምሳ ዓመት ሰዎች አሉ። በኖቬምበር 2024 ዘ ኪዩር ከ16 ዓመት ዝምታ በኋላ ያወጣው አልበም በብሪታንያ ሽያጭ አንደኛ ሲሆን ሮበርት ስሚዝ 65 ዓመቱ ነበር፤ ኩሉም አልቀረም።

ውጭ አገር ያደገች ልጄ ጎት ሆናለች። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ልብሷን አይጣሉባት፣ ፀጉሯንም በግድ አይቁረጡባት፤ በዚህ የሚገኘው መደባበቅ ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ የምትሰማውን ሙዚቃ እንድታሰማዎ ይጠይቋት፤ ግጥሙ ስለ ምን እንደሆነ ትንገርዎ። ብዙ ወላጅ የሚጨነቀው ዘመድ ምን ይላል በሚለው ነው፤ በእርግጥም በሠርግ ቤት ከእግር እስከ ራስ ጥቁር መልበስ በእኛ ዘንድ እንደ ሟርት ሊቆጠር ይችላል። ይህን ያለ ቁጣ ያስረዷት፤ ሠርግና ክርስትና ሲሆን ሌላ ቀለም እንድትጨምር፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን እንድትለብስ፣ በሌላው ቀን ግን የራሷ ምርጫ እንዲከበር መስማማት ይቻላል። የዓይን ኩሏን ለሌላ ሰው እንዳታውስ፣ ማታም ሳታጥብ እንዳትተኛ ቢመክሯት ደግሞ ጎቶቹ እርስ በርሳቸው የሚመካከሩትን ነው የሚነግሯት። በትምህርት ቤት የሚያስቸግሯት ካሉ ከእርሷ ጎን ይቁሙ።

ሙዚቃውን ለመስማት ከየት ልጀምር?

ከ1979 እስከ 1985 ባለው ዘመን ይጀምሩ፦ ባውሃውስን፣ ሱዚን፣ የ1980ዎቹን መጀመሪያ የዘ ኪዩር ሥራዎችና የሲስተርስ ኦቭ መርሲን የመጀመሪያ አልበም በተከታታይ ያዳምጡ። ከዚያ ወደ ዛሬ ይለፉ። በቱርክ ቡርሳ የተመሠረተው ሺ ፓስት አዌይ በቱርክኛ፣ የቤላሩሱ ሞልቻት ዶማ በሩስኛ ይዘፍናሉ፤ ቋንቋውን የማያውቅ ሰውም ስሜቱን አይስተውም። ከተቻለ በስልክ ድምፅ ማውጫ ሳይሆን በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይስሙ፤ ዜማውን የሚሸከመው ቤዙ ስለሆነ እርሱ ካልተሰማ ግማሹ ሙዚቃ ቀርቷል።